የአማን መጋዝ በየት በኩል ተነፈሰች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው፣ ሴት ሆነሽ እንዴት የሞተር መጋዝ ጠጋኝ ሆንሽ የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቁኝ በደርግ ጊዜ አሰላ የነበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዛሬም ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ "አማን ግን በምን ተፈታ?" ይላሉ። የመጀመሪያውን ባጭሩ መመለስ ይቻላል። ለሁለተኛው ግን መጋዝ በምን እንደሚታመም ማስረዳት ስላለብኝ፣ ገና መሐሉ ላይ ሳልደርስ የጠየቀኝ ሰው ወሬ ይለውጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አባቴ አሰላ ገበያ አጠገብ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ይሰፋ ነበር። ልጓም፣ የደረት ማሰሪያ፣ የተበጠሰ ጠፍር፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቆዳ መቁረጥና መብሳት የተማርኩት እኔ ነኝ። ከከተማው በላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር የነበረው የመንግሥት የደን ሥራ ጣቢያ ጓርኒሲዮን የሚቆርጥ ሰው ሲፈልግ የጠሩት አባቴን ነበር። ዓይኑ እየደከመ ነበርና፣ ከእኔ የተሻለ እጅ ልስጣችሁ ብሎ እኔን ላከ። ጓርኒሲዮን የሚባለው ሁለት የሞተር ብረቶች ሲጋጠሙ አየር እንዳያልፍ ከመሐላቸው የሚገባው ስስ ካርቶን ነው። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ይጠበቅ ስለነበር፣ ከጫማ ካርቶንም ከአሮጌ ፋይል ክዳንም እቆርጥ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበረች፤ ከእሷም ላይ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ መዋጮ እየተባለ ይቆረጣል። ስለ ደመወዝ ይኸው በቃኝ።

ጋራዡን የሚመሩት ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። በቆጂ ውስጥ የእህል ወፍጮ ሞተር ሲያንቀሳቅሱ ኖረው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ሲቀጥሩኝ አልተደሰቱም። ቢሆንም ከማንም አላነሱኝም። ጥግ ላይ ተቀምጬ ካርቶን ስቆርጥ ብዙ ወር አለፈ። አንድ ቀን የቆረጥኩትን ጓርኒሲዮን ወደ ብርሃን አንስተው ቀዳዳዎቹን አዩና፣ የምትገባበትን ቦታ ሳታውቂ ይህን ያህል ካስተካከልሽ፣ ብታውቂማ ምን ልትሠሪ ነው አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጎናቸው ቆምኩ።

አንድ ታማሚ መጋዝ ስትመጣ ጋሽ ሽፈራው ቶሎ አይነኳትም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይዞሯታል። ሌሎች ጠጋኞች መጀመሪያ ያጥባሉ፤ እሳቸው ግን ከመታጠቡ በፊት ቆሻሻዋ የት እንደተጠራቀመ ማየት ይፈልጋሉ። ሰጋቱራው ደርቆ ከረገፈ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘይት ጠጥቶ እንደ ጭቃ ከተለጠፈ ግን ሞተሩ በዚያ በኩል ይተነፍሳል ማለት ነው። ይህን ካዩ በኋላ ነው ጨርቃቸውን አንስተው ቀስ ብለው የሚጠርጉት። ቀጥሎ እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ይፈቱና ጫፏን ለእኔ ያሳዩኛል። እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ከሆነች ሞተሩ የሚበላውን በልክ እየበላ ነው። ጠቁራ ከረጠበች ቤንዚን በዝቶባታል። አመድ መስላ ከነጣች ግን፣ "ሌባ ትንፋሽ ገብቷል" ይላሉ። የአየር ሾልኮ መግባትን የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጋዝ ሞተር እንደ መኪና ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ሆዱ ይገባል፤ የሚቀጣጠለውም፣ ብረቱን የሚያለሰልሰውም ያው ነው። ስለዚህ ሆዱ ከሁሉም በኩል የተዘጋ መሆን አለበት። ፀጉር በምታህል ስንጥቅ አየር ሾልኮ ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል። ያኔ ሞተሩ ኃይል ያገኘ መስሎ ይፈነጥዛል። ነዳጅ የምትሰጪበትን መጎተቻ ስትለቂለት እንኳ ድምፁ አይወርድም። የማያውቅ ሰው ጎበዝ ሆነች ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይግላል፣ ይደርቃል፣ ፒስተኑ ግድግዳውን ይልጠውና እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ይህን ነከሰ እንላለን። አንዴ ከነከሰ አበቃ።

ጋሽ ሽፈራው ሌባውን የሚፈልጉት በዶሮ ላባ ነበር። ሞተሩን በዝግታ እንዲሠራ ይተዉትና ላባውን ቤንዚን ነክረው በየመገጣጠሚያው ዳር ዳሩን ያስነኩታል። ቀዳዳ ካለ ቤንዚኑን ይስብና ድምፁ ይለወጣል። እሳቸው ላባውን ይይዛሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። "አሁን ምን አለች?" ይሉኛል። ወፈረች፣ ቀጠነች፣ አመነታች፣ አንዱን መናገር አለብኝ። አላውቅም ማለት ይፈቀዳል፤ መገመት ግን አይፈቀድም። ይቺን ልማዳቸውን እስከ ጡረታዬ ይዣታለሁ፣ በኋላ አብረውኝ የሠሩትን ሁሉ አስመርሬባታለሁ።

ከአሰላ ውጭም ተልኬ ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት በቆጂ ነበርኩ፤ ማለዳ በዚያ ብርድ የደረቀ ጎማ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አየር እንደሚያሳልፍ ያየሁት እዚያ ነው። ኦጎልቾ በኩል ደግሞ የመስኖ ፓምፕ እንድጠግን ተልኬ አቧራው ምን እንደሚሠራ ተማርኩ። አለቆችም ብዙ አየሁ። በስብሰባ የሚኖር ነበር፤ ከጋራዡ በር አልፎ የማይገባ ነበር። ደህና ሰው የምለው ግን ጓድ ዳዊትን ነው። በደን ሙያ የተመረቀ፣ ለሥራ አስኪያጅነት ገና ወጣት የሆነ፣ ሲያስብ ብዕሩን የሚያኝክ ሰው ነበር። የአማን ነገር የደረሰው በእሱ ጊዜ ነው።

የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ገበሬው ከየነበረበት ቤቱን እያፈረሰ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ለአዲሶቹ ቤቶች የሚሆነው ምሰሶና ማገር ከእኛ ደን ይቆረጣል። ከፓርቲው የተመደበው ካድሬ በየጊዜው እየመጣ ስንት ዛፍ ወደቀ እያለ ይጠይቃል። መጋዝ ቆመ ማለት ዘመቻ ቆመ ማለት ነበር።

ከዛፍ ጣዮቹ ሁሉ የተካነው አማን ገመዳ ነበር። ከጭላሎ ወገብ ላይ ካለ ሰፈር እየወረደ የሚሠራ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀለ የሚያወራ፣ ሳቂታ ሰው። ሌሎቹ የወደቀውን ግንድ ቅርንጫፍ ሲመለምሉና ሲቆራርጡ፣ የቆመውን ዛፍ ከሥሩ የሚጥለው እሱ ነው። ዛፉ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ በእጁ ያሳያል፣ እዚያው ይወድቃል። የታላቅ ወንድሙ ቤት በዘመቻው ከፈረሱት አንዱ ነበር፤ አማንም በማኅበር ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ካልደረሰላቸው ልጆቹ የት ይደሩ ብሎ ጠይቆ ነበር። መናገሩን ያልሰማ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ መጋዟ በእጁ ላይ ነከሰች። ስንፈታት ፒስተኑ ተልጧል። ያለንን አንድ መለዋወጫ ፒስተን ገጠምንላት፣ ጓርኒሲዮኖቿን በሙሉ አዲስ ቆረጥኩላት፣ በላባ ዞርናት፤ ምንም የለባትም። ሰጠነው። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ነክሳ መጣች። ከሌላ የተጣለች መጋዝ ፒስተን አውጥተን አስተካክለን ገጠምንላት። አሁንም ጋራዡ ውስጥ ስትነሳ ድምፅዋ ደህና ነው፣ ስትለቂያት ትወርዳለች፣ ካንዴላዋ ቡናማ ነው።

ጓድ ዳዊት፣ ጋሽ ሽፈራውና እኔ ባለንበት ካድሬው መጣ። የተቆጣ ሰው አይመስልም ነበር፤ ይልቅ የደከመው ይመስል ነበር። መጋዟ ብልሽት አለባት ወይ ብሎ ጋሽ ሽፈራውን ጠየቃቸው። እሳቸው ያልተናገሩትን አይጨምሩም፣ የሚያውቁትን አይቀንሱም፤ አስነስተው አሰሙትና፣ "እኛ ባየነው ደህና ናት" አሉ። ካድሬው ሌላ ነገር አልጠየቀም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አማንን ከደኑ በር ወሰዱት። ወሬው ከምሳ በፊት ደረሰን፤ ቤንዚኑን ሆን ብሎ ከዘይት ሳይቀላቅል እያስነሳ መጋዟን ደጋግሞ አቃጥሏል፣ አሻጥር ነው ተባለ። የዘመቻን ሥራ በአሻጥር ያሰናከለ ሰው በዚያ ጊዜ ወዴት ሊላክ እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዳንዱ ሲላክ የት እንደደረሰ የሚነግር አይገኝም ነበር።

ጋሽ ሽፈራው ያን ቀን ጨርቃቸውን ይዘው ተቀመጡ እንጂ ምንም አልጠረጉም። ብዙ ቆይተው፣ "እውነት ነው የተናገርኩት፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት" አሉ። ለእኔ የተናገሩት አልመሰለኝም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የከበደኝ ነገር የለም። የአንድ ሞተር በሽታ አልተገኘም ቢባል፣ ብረት ነው፣ ይጣላል። ይህ ግን እኛ በትክክለኛ ሙያችን ደህና ናት ብለን በመሰከርን ምክንያት ሰው የታሰረበት ነው። አማን ዘይት የማይቀላቅል ሰው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ታዲያ እሱ ካላበላሻት፣ መጋዟ በሽታ አላት፤ በሽታዋ ካለ ደግሞ ያላየነው እኛ ነን።

ወደ ጓድ ዳዊት ሄድን። ጋሽ ሽፈራው እንደገና ልንፈታት እንፈልጋለን አሉት። መጋዟ እንደ ማስረጃ ተቆልፎባት ነበር። ብዕሩን ሲያኝክ ቆየና፣ "ጋሽ ሽፈራው፣ ቃልዎን አምናለሁ። ግን ለእነሱ ቃል ይዤ መሄድ አልችልም። በዓይን የሚታይ ነገር ስጡኝ" አለ። ከዚያ ተነስቶ ቁልፉን በገዛ እጁ ከፈተልን። ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያለንን ዘዴ ሁሉ አወጣን። በጭስ መውጫዋና በካርቡሬተሯ በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ደፈንኳቸው። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላ ሰብሬ አወጣሁና በቦታው ቱቦ አስገብቼ፣ ፒስተኑን ወደ ታች አውርደን በብስክሌት መንፊያ ነፋናት። በእጀታዋ አንጠልጥለን በርሜል ውኃ ውስጥ አስገባናት። አንድ አረፋ እንኳ አልወጣም። አውጥተን አድርቀን ደግመን አደረግነው። ምንም። ጋሽ ሽፈራው ከበርሜሉ ጋር ተፋጠው ቆመው ነበር።

የአማን ሚስት ዘይነባ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ከተራራው ትወርዳለች። አንድ ቀን ከደን ጣቢያችን በር ላይ አገኘኋት። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። መጋዟ ደህና ናት ያሉት እነዚህ ናቸው ተብሎ ተነግሯታል። በኦሮምኛ አናገርኳት፣ መጋዟን እንደገና እያየናት ነው፣ አንድ ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ አልኳት። ብዙ አየችኝና፣ "እንግዲያው ይህንን አንቺ ያዢ፤ እህቱ ነኝ በዪ" ብላ የስንቁን ሳህን ሰጠችኝ። አብረን ወደታሰረበት ግቢ ሄድን። ጠባቂው ሴቶች ስለሆንን ብዙም አልመረመረንም፤ በአጥሩ በኩል ትንሽ እንድናናግረው ፈቀደልን።

አማን ከስቶ ነበር። ዘይት ትቀላቅል ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። መጋዟ ልትነክስ ስትል ምን ትሆናለች አልኩት። ይህን እስካሁን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። ስለ ቤንዚን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ስብሰባው ጠይቀውታል፤ ስለ መጋዟ አልጠየቁትም። እጁን በአየር ላይ ዘረጋና በጎኑ አጋደመው።

"ዮ ጪፍቱ ኒ ኢዪቲ" አለኝ። ስትተኛ ትጮኻለች ማለቱ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣ "ቆማ ስትቆርጥ ደህና ናት። ዛፍ ልጥል በጎኗ ሳስተኛት ግን ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ብለቃትም አትወርድም። ቀጥ ሳደርጋት ዝም ትላለች። እናንተ የምታውቁት መስሎኝ ነበር" አለ።

ጠባቂው ይበቃል አለን። ወደ ጋራዡ የተመለስኩት በእግሬ ነው፤ ግማሹን መንገድ ሮጫለሁ መሰለኝ። የቆመ ዛፍ ሲጣል መጋዝ የምትያዘው በጎኗ ነው፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ግንድ ሲቆራርጡ ቀጥ አድርገው ነው የሚይዟት። ስለዚህ መጋዟ የምትሞተው በአማን እጅ ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አቁመናት አየናት፣ በላባ ስንዞራት አቁመናት ነው፣ በርሜል ውስጥ ስናስገባት እንኳ በእጀታዋ ቀጥ አድርገን አንጠልጥለናት ነው። ለጋሽ ሽፈራው ስነግራቸው ቆባቸውን አወለቁ። እስከዚያ ቀን ራሳቸውን ባዶ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቶሎ በበርሜሉ ውኃ ውስጥ በጎኗ አስተኛናትና በብስክሌት መንፊያው ነፋናት። አሁንም አረፋ የለም። ጋሽ ሽፈራው ግን አልተረበሹም። መንፊያውን በእጃቸው እያገላበጡ አዩትና፣ "ይህ ይገፋል፤ ኃይለኛ ነው። ጎማው ላልቶ ከሆነ እኛው ገፍተን ዘንጉ ላይ እያጣበቅነው ይሆናል" አሉ። በዋናው ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ዘንጉ እየዞረ አየር እንዳያሳልፍ የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት አለ። ስሱ የጎማ ከንፈር በብዙ ግፊት ይዘጋል፣ በትንሽ ግፊት ግን ይከፈታል። ለስላሳ የሚነፋ፣ ግፊቱንም የሚያሳይ ነገር ያስፈልገናል አሉኝ። ጋራዡ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሲስተር አልማዝ በጣቢያው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበረች። ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በጎማ አምፑል እየተነፋ መርፌው የሚሽከረከረውን የደም ግፊት መለኪያ እሷ ጋ አይቼ ነበር። ሄጄ ለመጋዝ እፈልገዋለሁ ስላት ያበድኩ መሰላት። ያላት እሱ አንድ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ የምትጠየቀው እሷ ናት። ለአማን ነው አልኳት። ከዚያ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ሰቀለችና፣ መለኪያውን ይዛ ራሷ መጣች። "ከእጄ አይወጣም። ግን የምትፈልጉትን ያህል እነፋላችኋለሁ" አለች።

የመለኪያውን ቱቦ ከካንዴላው ቱቦ ጋር አጣበቅነው። መጋዟን አቆምናት። ሲስተር አልማዝ ቀስ ብላ ነፋች፤ መርፌው ወጣና ቆመ። ጠበቅን። አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ሽፈራው መጋዟን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው በጎኗ አጋደሟት። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ከመስማት ይልቅ ቱቦውን በያዝኩበት ጣቴ ነው የተሰማኝ። መርፌው መውረድ ጀመረ።

መርፌው ሳይቆም እስከ ታች ወረደ። ቀጥ አድርገናት ሲነፋ መርፌው ባለበት ይቆማል። ስናስተኛት ይወርዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚዞረውን መዘውር አውልቄ፣ ሳሙና በውኃ በጥብጬ በዚያ በኩል ያለው የጎማ ቀለበት ዙሪያ ቀባሁት፤ በጣም ትንንሽ አረፋ እንደ ምራቅ ወጣ። ሁሉ ካለፈ በኋላ ስንፈታው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ስለተበላ ዘንጉ በራሱ ክብደት ትንሽ ሸርተት ይላል። መጋዟ ስትቆም የጎማው ከንፈር ዘንጉ ላይ ለዓመታት በቆፈራት ቦይ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ስትተኛ ዘንጉ ይወርዳል፣ ከንፈሩም ከቦዩ ይወጣና አየር ያሳልፋል። ብልሃቷ ሁሉ ይቺ ናት።

ጋሽ ሽፈራው ከጎማው ላይ አንዳች ነገር እንዳንነካ ከለከሉን። ጓድ ዳዊትን ጠራነው። አየ፤ ራሱ አስተኝቶ አቆማት። ከዚያ፣ "አሁን እናንተው ያበላሻችሁት ነው ቢሉስ?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስትተኛ ከጎማው ከንፈር ሥር ብቅ የሚለው የዘንጉ ቦይ በአንድ ሳምንት የሚቆፈር እንዳልሆነ፣ ጎማው ላይ ዘይት ጠጥቶ የደረቀው ሰጋቱራም የቆየ እንደሆነ አሳየነው። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያውኑ በጨርቅ ያልጠረጓት ብቸኛ ቦታ መዘውሩ ሥር ነበር፤ መዘውሩ ካልወለቀ አይታይምና። ጓድ ዳዊት ስልክ ሊደውል ሄደ።

ካድሬው ከሰዓት በኋላ መጣ። የምትሉትን በሉ አላለም፤ መለኪያውን አምጡ አለ። ሲስተር አልማዝ ላለመስጠት አመነታች፣ ከዚያ ሰጠችው። ራሱ ነፋ። ራሱ አቆማት፣ ራሱ አስተኛት። መርፌው ሲወርድ አንዴ አየ፣ ሁለተኛ አደረገው፣ ደግሞ አደረገው። የሚንጠባጠብ የክረምት ውኃ በቆርቆሮው ላይ ይሰማኝ ነበር።

"ይህን ለምን ቀድማችሁ አላያችሁም?" አለ ወደ ጋሽ ሽፈራው ዞሮ።

"አስተኝተን አላየናትም፤ የሚያስተኛት ሰው አማን ነበር፤ እሱን ደግሞ አልጠየቅነውም" አሉት።

ካድሬው መለኪያውን ለሲስተር አልማዝ መለሰላት። ሌሎቹ መጋዞችስ ብሎ ጠየቀ። እንፈትሻቸዋለን አልነው። ሲወጣ ከጓድ ዳዊት ጋር በሩ ላይ ቆመው ተነጋገሩ፤ የተባለውን አልሰማሁም። ጓድ ዳዊት ሲመለስ ብዕሩ አፉ ውስጥ አልነበረም። "ነገ ሂዱ፤ ዘይነባም ትሂድ" አለን።

ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። በማግሥቱ ከዘይነባ ጋር በእስር ቤቱ በር ላይ ቆምን። እሷ በእጇ መቁጠሪያ ይዛ ነበር፣ እኔ የሻሌን ጫፍ እጠቀልል ነበር። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ላይ በሩ ተከፈተና አማን ጋቢውን ክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ። ዘይነባ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ሄዳ እጁን ያዘችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና፣ ሰላም ሳይለኝ፣ "ምን ነበር ያመማት?" አለኝ። ዘንጉ እንዴት እንደሚንሸራተት በጣቶቼ አሳየሁት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ስቆ ደግሞ፣ "እኔስ ከእኔ ጋር ተጣልታ መስሎኝ ነበር" አለ።

"መጋዟን ተዋት። ልጆችህን ጠይቅ መጀመሪያ" አለችው ዘይነባ፤ ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተሰበረው።

ጋሪ አስቁመው ወደ ላይ ሄዱ። ጋሪዋ ኩርባውን እስክትዞር ቆሜ አየኋቸው። ጠዋት አንዳች ነገር እንዳልቀመስኩ ያስታወስኩት ያኔ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ደረቅ ዳቦ ገዛሁና ቆሜ በላሁ። እንዲህ የጣፈጠኝ ዳቦ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላስታውስም።

ጋራዡ ስመለስ ጋሽ ሽፈራው የቀሩትን መጋዞች ሁሉ ከግድግዳው አውርደው ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸዋል፤ ሁሉም በጎናቸው ተኝተዋል። መጣ ወይ አሉኝ። መጥቷል፣ ቤቱ ሄዷል አልኳቸው። ጨርቃቸውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "እነዚህን ነገ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። ዛሬ ሂጂ ቤትሽ" አሉኝ። የመውጫ ሰዓት ሳይደርስ ወደ ቤት ሂጂ ብለውኝ አያውቁም ነበር። በነጋታው ከእነዚያ መካከል ሁለቱ ያንኑ በሽታ ይዘው ተገኙ፤ ለሁሉም የሚሆን ጎማ ናዝሬት ድረስ ሄጄ ከአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ለቅሜ አመጣሁ። አማን ተመልሶ ዛፍ ጣለ፤ ከዚያ በኋላ በመጋዝ ምክንያት ማንም አልታሰረም።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ይሰፋ ነበር። ዛሬ ምን ሆነሽ በጊዜ መጣሽ አለኝ። አማን ተፈታ አልኩት። ወስፌውን አስቀመጠና፣ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። እራትም ሳልበላ ጋደም አልኩ፤ የነቃሁት በማግሥቱ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቴ ላይ ስታርፍ ነው።